«አቤት» ባይ ምስሎች፦ የጥንት ግብጽ ነገሥታት ለመቃብር ያዘጋጇቸው ምትኮች

ፊርዐውን ሲባል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናስበው የነብዩ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ባላጋራ፣ ራሱን ጌታ አድርጎ ሕዝብን በባርነት ይገዛ የነበረውንና በመጨረሻ በባሕር የሰጠመውን ንጉሥ ነው። ይሁን እንጂ «ፊርዐውን» የአንድ ሰው መጠሪያ ስም አልነበረም። በጥንቱ የግብጽ ቋንቋ «ታላቁ ቤት» ማለት ሲሆን፣ በመጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ፣ በኋላም በቤተ መንግሥቱ የሚቀመጠው ንጉሥ ሁሉ ይጠራበት ጀመር። ግብጽም በየዘመኑ በተፈራረቁ በርካታ ነገሥታት ስትገዛ ኖራለች። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ሙሳን (ዐ.ሰ.) ስለተፈታተነው ስለዚያ አንዱ ሳይሆን፣ ስለሌሎቹ ነገሥታትና ወደ መቃብራቸው ይዘዋቸው ስለገቡ ትናንሽ ምስሎች ነው።

እነዚህ ነገሥታት በሕይወት ሳሉ አንድ ቃል ሲናገሩ ሺዎች «አቤት!» ይሏቸው ነበር። እነርሱን ጠርቶ «ና፣ ይህን ቦይ ጥረግ፤ ይህን አሸዋ ተሸከም» ሊላቸው የሚደፍር አልነበረም። ከመቃብራቸው የተገኘው ዕቃ ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ይነግረናል። እነዚያ ሁሉን አዛዥ የነበሩ ነገሥታት ከሞቱ በኋላ እነርሱም እንደ ተራ ገበሬ በስማቸው ተጠርተው ለጉልበት ሥራ እንዳይታዘዙ ይፈሩ ነበር። ለዚህ ፍርሃት ያገኙለት መፍትሔም በእነርሱ ፈንታ «አቤት» የሚል ምትክ ማሠራት ነበር።

ምስሎቹ ምን ዓይነት ናቸው?

ምስሎቹ አብዛኞቹ ከስንዝር የማይበልጡ ናቸው። ለነገሥታት ከተሠሩት መካከል ግን ክንድ የሚያህሉም ይገኛሉ። ቅርጻቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ የተገነዘ ሬሳ ይመስላል፤ ፊታቸውና እጃቸው ብቻ ወጣ ብሎ ይታያል። ብዙዎቹ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አጣምረው ዶማና መኮትኮቻ ጨብጠዋል፤ በጀርባቸውም የዘር ከረጢት ወይም ቅርጫት አንግተዋል። የሚሠሩት ከእንጨት፣ ከድንጋይ፣ ከሰም፣ ከሸክላ፣ አልፎ አልፎም ከነሐስ ነበር። ከሁሉ የበዙት ግን ከደቀቀ ነጭ አሸዋ ተቦክተው፣ የመዳብ ቅመም ገብቶባቸው በእሳት የተጋገሩ ናቸው። እነዚህ እሳት ሲነካቸው እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያወጣሉ። ይህ ነገር ፋያንስ ይባላል።

ግብጾች ምስሎቹን በመጀመሪያ «ሻብቲ» ይሏቸው ነበር። ከነብዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ልደት በፊት ወደ 1000 ዓመት ገደማ ደግሞ «ኡሸብቲ» የሚለው ስም እየተለመደ መጣ። ይህ ሁለተኛው ስም በቋንቋቸው «መለሰ» ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ «መላሽ» ወይም በእኛ አነጋገር «አቤት ባይ» እንደማለት ነው።

ስሙን ለመረዳት እምነታቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። የጥንት ግብጾች ከሞት በኋላ ሌላ ሕይወት መኖሩን ያምኑ ነበር። ነገር ግን ያ ሕይወት በእነርሱ ሐሳብ የዚህ ዓለም ግልባጭ ነበር። ሙታን ይኖሩበታል ያሉትን ስፍራ «የሸምበቆ መስክ» ይሉታል። እዚያም እንደ ግብጽ ወንዝና ቦይ፣ ማሳና አዝመራ አለ። ማሳ ካለ የሚቆፍረው ያስፈልጋል፤ ቦይ ካለ የሚጠርገው ያስፈልጋል። የሙታን ገዥ ነው ብለው ያመኑበት ኦሲሪስ የተባለው ጣዖታቸውም እንደ ምድራዊ ንጉሥ ሰዎችን እየጠራ ሥራ ያዝዛል ብለው ያምኑ ነበር።

በምስሎቹ ገላ ላይ ዙሪያውን የተጻፈው ጽሑፍ ይህንኑ የሚመለከት ነው። «የሙታን መጽሐፍ» እየተባለ በሚታወቀው የጽሑፍ ስብስብ ውስጥ ስድስተኛው ምዕራፍ ሆኖ ይገኛል። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ የምስሉ ባለቤት በዚያኛው ዓለም ማሳ እንዲያለማ፣ የወንዝ ዳር መሬት በውኃ እንዲያጠጣ፣ ወይም አሸዋ በጀልባ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲያመላልስ በተጠራ ጊዜ ምስሉ ፈጥኖ ተነሥቶ «እኔ አለሁ» እንዲል ይታዘዛል።

አስተማሪ የሆነ ሰው ይህን ዘዴ ያውቀዋል። ስም ሲጠራ ከትምህርት የቀረ ልጅ አንዳንዴ ጓደኛውን «በእኔ ፈንታ አቤት በልልኝ» ብሎ ያዘጋጃል። የግብጽ ነገሥታት ያደረጉትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ የእነርሱ ጓደኛ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ መሆኑና ጠሪውም ይታለላል ብለው ተስፋ ማድረጋቸው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ይገባል። አንደኛ፣ እነዚህ ምስሎች ግብጾች ከሚሰግዱላቸው ጣዖታት መካከል አልነበሩም፤ ማንም አላመለካቸውም። ሁለተኛ፣ የተራ አገልጋይ ምስሎችም አልነበሩም። እህል የሚፈጩ፣ ዳቦ የሚጋግሩ፣ ከብት የሚጠብቁ ሰዎችን የሚያሳዩ ሌሎች ምስሎች በግብጽ መቃብሮች ውስጥ ተገኝተዋል። ሻብቲ ግን የተሠራው በሟቹ በራሱ መልክ ነው፤ የተጻፈበትም የሟቹ ስም ነው። የንጉሥ ሻብቲ የንጉሡን አክሊል ደፍቶ፣ የንጉሡን ስም ተሸክሞ፣ በእጁ ግን የገበሬ ዶማ ይዟል። ጌታውም እርሱ፣ አገልጋዩም እርሱ ማለት ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ነገር ላይ ብዙ ያሰቡትም ስለዚህ ነው።

የተፈራው ሥራ

ግብጽ ዝናብ የሌለባት አገር ናት። በየዓመቱ በክረምት ዓባይና ተከዜ ከአገራችን ተራሮች ላይ ውኃና ለም አፈር አጥበው ሲያወርዱ የግብጽ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ይሸፍን ነበር። ውኃው ሲሸሽ መሬቱ ይለማል፤ ነገር ግን ቦዮቹ በደለል ይሞላሉ፤ ግድቦቹ ይፈርሳሉ፤ የእርሻ ድንበሩም ይጠፋል። ይህን ሁሉ በእጅና በዶማ ማስተካከል ነበረባቸው። ለዚህም መንግሥት ሕዝቡን በግዴታ እየጠራ ያሠራ ነበር። አያቶቻችን «ሁዳድ» ሲሉ የሚያውቁት ዓይነት የግዴታ ሥራ እንደማለት ነው።

ከዚህ ሥራ መሸሽ ምን ያስከትል እንደነበር የሚያሳይ አንድ የጥንት ፓፒረስ በአሜሪካ በብሩክሊን ሙዚየም ይገኛል። ከልደት በፊት በ19ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፈው ይህ መዝገብ ከመንግሥት ሥራ የሸሹ ከ70 በላይ ሰዎችን በስም ይዘረዝራል። ሰውየው ሲጠፋ ቤተሰቦቹ ይያዙና እርሱ እስኪገኝ ድረስ በእርሱ ፈንታ ይቆዩ ነበር። እንግዲህ ድሃው ገበሬ ሲጠራ «አቤት» ካላለ ሚስቱና ልጆቹ «አቤት» ይሉለታል። ንጉሡና ሹማምንቱ ግን ሥራውን በሩቁ ብቻ ያውቁታል። ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ የሚሠሩትን ሰዎች ማየት ይበቃቸዋል።

የሻብቲ ፍርሃት የመጣው ከዚህ ነው። ሰው ለሌላው ያሸከመውን ሸክም ክብደት ልቡ ያውቃል። ነገሥታቱ ያ ሥራ ቀላልና የተከበረ ነው ብለው ቢያምኑ ኖሮ ከእርሱ ለማምለጥ ያን ያህል ባልደከሙ ነበር።

ከአንድ ምስል እስከ ሺህ

በግብጽ የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ዘመን፣ ከልደት በፊት በ3000 ገደማ፣ አቢዶስ በተባለው ስፍራ በንጉሥ ጀር መቃብር ዙሪያ ከ300 በላይ ሰዎች ተቀብረው ተገኝተዋል። ብዙ ተመራማሪዎች ከእነዚህ ቢያንስ ከፊሎቹ ንጉሡን እንዲያገለግሉ ተገድለው አብረው የተቀበሩ ናቸው ይላሉ። ይህ ክፉ ልማድ ብዙም ሳይቆይ ቀረ። ሻብቲ በእነዚያ ሰዎች ምትክ የመጣ ነው ሲባል ይሰማል፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል ከ800 ዓመት በላይ አለ። ደግሞም እንዳየነው ሻብቲ የጌታው ምትክ እንጂ የአገልጋዩ ምትክ አይደለም።

ለሻብቲ መነሻ የሆኑት ምስሎች የታዩት ከልደት በፊት በ2000 ገደማ ነው። በንጉሥ ምንቱሆቴፕ ሁለተኛ ዘመን ለቤተ መንግሥቱ ሴቶች ከሰም የተሠሩ ትናንሽ ምስሎች በጨርቅ ተጠቅልለው፣ በራሳቸው ትንንሽ ሣጥን ውስጥ ተኝተው ተገኝተዋል። በዚያን ጊዜ ለአንድ ሰው አንድ ወይም ሁለት ምስል ይበቃ ነበር። በኋላ ግን ቁጥሩ እያደገ ሄደ። ከልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት የነገሠው አሜንሆቴፕ ሦስተኛ ከከበረ እንጨትና ከጠንካራ ድንጋይ ትልልቅ ሻብቲዎች አሠራ።

የአሜንሆቴፕ ልጅ አኬናተን ነገር ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። ይህ ንጉሥ የአባቶቹን ጣዖታት ትቶ የፀሐይን ክብ ብቻ እንዲመለክ አዘዘ፤ የሌሎቹን ጣዖታት ቤቶች ዘጋ። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ምክንያት አንድ አምላክን ያመነ ንጉሥ ይሉታል። ፀሐይን ማምለክና የፀሐይን ፈጣሪ ማምለክ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለነገራችን የሚጠቅመው የሚከተለው ነው፦ አኬናተን የሙታን ገዥ የተባለውን ኦሲሪስን ቢተወውም ሻብቲ ማሠራቱን አልተወም። ከ200 የሚበልጡ ሻብቲዎቹ ስብርባሪ ተገኝቷል። የተለመደው ጽሑፍ አልተጻፈባቸውም፤ የንጉሡ ስምና ማዕረግ ብቻ አለባቸው። ጠሪው ከእምነቱ ወጣ፤ የመጠራቱ ፍርሃት ግን ቀረ።

ከሁሉ የታወቀው የቱታንካሙን መቃብር ነው። ሃዋርድ ካርተር የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1922 በሉክሶር ምዕራብ በኩል፣ የነገሥታት ሸለቆ በተባለው ስፍራ አገኘው። ቱታንካሙን በልጅነቱ ነግሦ በ19 ዓመቱ ገደማ የሞተ ወጣት ነበር። ከእርሱ ጋር የተቀበሩት ሻብቲዎች 413 ሆነው ተቆጠሩ። አከፋፈላቸው የሚያስደንቅ ነው፦ 365ቱ ሠራተኞች፣ 36ቱ አለቆች፣ 12ቱ ደግሞ የአለቆቹ የበላይ ናቸው።

የእኛን ዘመን አቆጣጠር የሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ወዲያው ይገባዋል። የጥንት ግብጾች ዓመት 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና እኛ ጳጉሜ እንደምንላት ያለች የ5 ቀን ጭማሪ ነበረው፤ ድምሩ 365 ነው። የእኛም አቆጣጠር ከዚያው የግብጽ አቆጣጠር የወረደ ነው። ሳምንታቸው ደግሞ 10 ቀን ስለነበረ ዓመቱ 36 ሳምንት ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሠራተኛ፣ ለአሥር ሠራተኞች አንድ አለቃ፣ ለየወሩ አንድ የበላይ ተመደበ ማለት ነው። በዓመቱ ውስጥ ንጉሡ ራሱ የሚጠራበት አንድም ቀን እንዳይኖር ታስቦበታል። ለሥራውም ከመዳብ፣ ከእንጨትና ከፋያንስ የተሠሩ ትናንሽ ዶማዎች፣ መኮትኮቻዎች፣ ቅርጫቶችና ቀንበሮች አብረው ተቀምጠዋል፤ ብዛታቸውም 1,866 ነው።

ከእነዚህ ምስሎች ጥቂቶቹ የሹማምንት ስጦታ ነበሩ። ናክትሚን የተባለ የጦር አዛዥ አምስት፣ ማያ የተባለ የግምጃ ቤት ኃላፊ አንድ ሰጥተው ስማቸውን አስጽፈውበታል። ለሞተ ንጉሥ እንኳ ስጦታ ሲሰጥ የሰጪው ስም እንዳይረሳ ይደረግ ነበር።

ቁጥሩ በዚህም አላቆመም። ንጉሥ ሴቲ አንደኛ ከ700 በላይ ነበሩት። የኩሽ ንጉሥ ታሃርቃ ደግሞ ከሴቲም በለጠ። ኩሽ የዛሬው ሰሜን ሱዳን ሲሆን፣ ግሪኮች «ኢትዮጵያ» እያሉ ይጠሩት የነበረ አገር ነው። ታሃርቃ ከልደት በፊት ከ690 እስከ 664 ግብጽንና ኩሽን ገዝቶ፣ አሦራውያን ከግብጽ ካባረሩት በኋላ ሞቶ በሱዳን ኑሪ በተባለ ቦታ ተቀበረ። ጆርጅ ራይስነር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ ኑሪን ሲቆፍር ከታሃርቃ መቃብር 1,070 የድንጋይ ሻብቲዎች አገኘ። እያንዳንዱ ከድንጋይ በእጅ የተጠረበ ነው። ያን ሁሉ ድንጋይ የጠረበው እጅ የማን እንደነበረ ግን የጻፈልን የለም።

ደሞዝ የተቆረጠላቸው ምስሎች፣ ደሞዝ ያጡ ሰዎች

ዘመን እየገፋ ሲሄድ ሻብቲ ከጌታው ምትክነት ወደ ባርነት ወረደ። ከአሥሩ ሠራተኞች በላይ የሚቆመው አለቃ እንደ ተገነዘ ሬሳ ሳይሆን እንደ ሕያው ሰው ለብሶ፣ በእጁ አለንጋ ይዞ ይቀረጽ ጀመር። ለድንጋይና ለጭቃ አለንጋ! ሰዎቹ በዚህ ዓለም ያለ አለንጋ የሚሠራ ሠራተኛ አላዩምና በወዲያኛውም ዓለም ሊያስቡት አልቻሉም።

በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ አንድ ፓፒረስ ከ2,800 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የሽያጭ ውል ነው። ሻጩ የጣዖት ቤቱ ምስል ሠሪዎች አለቃ ነው። ለአንድ ካህን 365 ሻብቲዎችና 36 አለቆች፣ በድምሩ 401 ሸጦ ብሩን መቀበሉን ይመሰክራል። ከዚያ ወደ ምስሎቹ ዞሮ፣ ዋጋቸው ስለተከፈለ ለሟቹ ፈጥነው እንዲሠሩ ያዛቸዋል። በውሉ ውስጥ ወንድና ሴት ባሪያዎች ተብለዋል። ከዚያ ቀደም ብሎም ነስኮንስ ለተባለች የሊቀ ካህናት ሚስት የተጻፈ አንድ ሰሌዳ አለ። በእርሱም አሞን በተባለው ጣዖታቸው ስም፣ ለምስል ሠሪዎቹ የተከፈለው ዋጋ ለምስሎቹ እንደ ደሞዝ እንዲቆጠርና እነርሱም ለሴትዮዋ ሳይለግሙ እንዲሠሩ ተደንግጓል። እንግዲህ ሰዎቹ ሠራተኛ ዋጋው ካልተከፈለው በሙሉ ልቡ እንደማይሠራ ያውቁ ነበር። ጭቃ እንኳ ደሞዝ ሳይቆረጥለት እንዳያኮርፍ ሰግተዋል።

ታዲያ ሕያው ሠራተኞቻቸውስ? ከልደት በፊት በ1157 ገደማ፣ በንጉሥ ራምሴስ ሦስተኛ 29ኛ ዓመት የሆነው ነገር ተጽፎ ቆይቶ ዛሬ በጣሊያን በቱሪን ሙዚየም ይገኛል። በነገሥታት ሸለቆ የነገሥታቱን መቃብር የሚቆፍሩትና የሚያስጌጡት ሠራተኞች ዴር ኤል መዲና በተባለች መንደር ከቤተሰባቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ደሞዛቸው በየወሩ የሚሰፈርላቸው እህል ነው። በዚያ ዓመት እህሉ ዘገየ። ሠራተኞቹም ሥራቸውን ጥለው፣ የመቃብሩን ስፍራ አጥር አልፈው ወጡ፤ በአንድ የጣዖት ቤት ጀርባ ሄደው ተቀመጡ። ርቦናል፤ ጠምቶናል፤ ልብስ የለም፤ ዓሣም አትክልትም የለም፤ ለንጉሡ ይጻፍልን ሲሉ አመለከቱ። በጽሑፍ ከተመዘገቡት የሥራ ማቆም አድማዎች የመጀመሪያው ይህ መሆኑን ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሠራተኞቹ ጥቂት ቢሰጣቸውም ችግሩ አልተቃለለምና ደጋግመው ወጡ።

ለዚያው ለራምሴስ ሦስተኛ ግን ከነሐስ የተሠሩ ሻብቲዎች ተዘጋጅተውለት ነበር። ጥቂቶቹ ዛሬም በአውሮፓ ሙዚየሞች ይታያሉ። በወዲያኛው ዓለም ለሚሠሩለት ምስሎች ነሐስ ተገኘ፤ በዚህኛው ዓለም ለሚሠሩለት ሰዎች ግን እህል ዘገየ። በሃይማኖታችን የሠራተኛን ዋጋ ሳያጓትቱ መክፈል ለምን ያን ያህል እንደተጠበቀ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ጉልበቱን የሰጠ ሰው የሚበላው ነገ ሳይሆን ዛሬ ነውና።

ምስሎቹ የት፣ ጌቶቹ የት?

ሻብቲ ሁሉ ከጌታው አጠገብ ሆኖ ጥሪውን እንዲጠብቅ ነበር የታሰበው። የሆነውስ ምን ነበር?

ከልደት በፊት በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነገሥታት መቃብር ዘረፋ በረታ። በራምሴስ ዘጠነኛ ዘመን የተያዙ ሌቦች የሰጡት ቃል ተጽፎ ደርሶናል። ከመካከላቸው ድንጋይ ጠራቢዎች ነበሩበት፤ መቃብር መቆፈር የሚያውቅ ሰው መዝረፍም ያውቅበታል። በኋላ ካህናቱ የነገሥታቱን ሬሳ ከየመቃብሩ እያወጡ በዴር ኤል ባህሪ ገደል አጠገብ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ሸሸጉት።

ሴቲ አንደኛ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጆቫኒ ቤልዞኒ የተባለው ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1817 የሴቲን መቃብር ሲከፍት ሻብቲዎቹን አገኘ፤ የድንጋይ ሬሣ ሣጥኑ ግን ባዶ ነበር። ሣጥኑ ወደ ለንደን ተወሰደ። የሴቲ ሬሳ ግን እ.ኤ.አ. በ1881 ከዚያ ከተደበቀበት ጉድጓድ ከሌሎች ነገሥታት ጋር ተቆልሎ ተገኘ። አገልጋዮቹ ከመቃብሩ ቀርተው፣ ጌታው ብቻውን ሄዷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 2021 ሴቲና ሌሎች 21 ነገሥታትና ንግሥቶች በሰልፍ ታጅበው ፉስጣጥ ወደሚገኘው ሙዚየም ተዛወሩ። ፉስጣጥ ሶሐባው ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) ግብጽን ከከፈቱ በኋላ የቆረቆሯት ከተማ ናት።

ቱታንካሙንም ከዚህ አላመለጠም። ሬሳው በሉክሶር በመቃብሩ ውስጥ ሲቀር፣ ከመቃብሩ የወጣው ዕቃ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 በይፋ በተከፈተው በጊዛው ታላቁ የግብጽ ሙዚየም ለእይታ ቀርቧል። በመካከላቸው ወደ 500 ኪሎ ሜትር አለ። የሌሎች ነገሥታት ሻብቲዎችም ከካይሮ እስከ ካርቱም፣ ከፓሪስ እስከ ቦስተን ተበትነዋል። የዓመቱን ቀን ሁሉ «አቤት» እንዲሉ የተሠሩት ምስሎች ዛሬ ከመስተዋት ጀርባ ቆመው ጎብኚ ያያቸዋል። ከጽሕፈታቸው በቀር ቃል የላቸውም፤ ጽሕፈቱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1822 ሻምፖሊዮን የተባለው ፈረንሳዊ የጥንቱን የግብጽ ፊደል ምስጢር እስኪፈታ ድረስ የሚያነበው አልነበረም።

ለእኛስ ምን ይነግረናል?

የኢስላም ሊቃውንት የጥንት ሰዎችን ሥራ በንቀት አላለፉትም። እ.ኤ.አ. በ1200 ገደማ ግብጽ የነበረው የባግዳዱ ሐኪም ዐብዱለጢፍ አል-ባግዳዲ ስለ ፒራሚዶቹ፣ ስለ ሐውልቶቹና ስለተገነዙት ሬሳዎች ዓይቶ የጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። ወርቅ እናገኛለን ብለው የጥንቱን ሥራ የሚያፈርሱትንም ነቅፏል። የመጽሐፉ ርእስ ውስጥ «ኢዕቲባር» የሚል ቃል አለበት፤ ካለፈው ትምህርት መውሰድ ማለት ነው። እኛም ሻብቲን ስናይ በድንጋይ አምኖ የተታለለ ሕዝብ ብለን ስቀን ብናልፍ ትምህርቱ ያመልጠናል።

ግብጾች ሰው ከሞተ በኋላ በስሙ እንደሚጠራ ማሰባቸው ከእኛ እምነት ጋር ጨርሶ የሚራራቅ አይደለም። እኛም ሰው ከተቀበረ በኋላ ሁለቱ መላእክት መጥተው ስለ ጌታው፣ ስለ ሃይማኖቱና ስለ ነብዩ እንደሚጠይቁት እናምናለን። ልዩነቱ መልሱ ላይ ነው። ግብጾች «እኔ ስጠራ ሌላ ይመልስልኛል» አሉ። በእኛ እምነት ግን መላሽ መግዛት አይቻልም፤ ሀብታምም ሆነ ድሃ፣ ሹምም ሆነ ሎሌ የሚመልሰው ራሱ ነው። ንጉሡም በጨርቅ ይከፈናል፤ ቦይ ጠራጊውም በጨርቅ ይከፈናል። ሰውን እስከ ቀብሩ ከሚሸኙት ነገሮች መካከል ቤተሰቡና ንብረቱ እንደሚመለሱ፣ ሥራው ብቻ አብሮት እንደሚቀር ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። የማይመለስ አብሮ ሂያጅ የሚፈልግ ሰው ከወዲሁ የሚያዘጋጀው ያንን ነው። ሰው ከሞተ በኋላም የማይቋረጥበት ነገር እንዳለ ተነግሮናል፤ ይኸውም ቀጣይ ሰደቃ፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግ መልካም ልጅ ነው። ሦስቱም ከመቃብር ውጭ፣ በሕያዋን መካከል የሚቀሩ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። በየቤታችን ስንጠራ «አቤት» የሚሉን ሰዎች አሉ። ውኃ የሚቀዱልን፣ ልብስ የሚያጥቡልን፣ ዕቃችንን የሚሸከሙልን፣ ሌሊት በራችንን የሚጠብቁልን ናቸው። የግብጽ ነገሥታት ለሌላው የሚያሸክሙት ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቁ ነበር፤ ለራሳቸው የፈሩት ስለዚህ ነው። ነገር ግን ዕውቀታቸው ለምትክ መግዣ ብቻ ዋለ እንጂ ለሚሠራላቸው ሰው አላራራቸውም። «እኔ በዚህ ሰው ቦታ ብጠራ ምን ይሰማኝ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ወደ ልባቸው ቀርቦ ነበር፤ እነርሱ ግን መልሱን ለጭቃ ሰጡት። እኛ ይህንኑ ጥያቄ ዛሬ ማታ ቤታችን ገብተን፣ የሚሠራልንን ሰው ፊት አይተን፣ ዋጋውንና እረፍቱን አስበን ልንመልሰው እንችላለን።

አላህ (ሱ.ወ.) የሰው ሐቅ ሳይኖርብን ከምንሄደው ያድርገን። በተጠየቅን ጊዜም አንደበታችንን ያጽናልን። አሚን።